የአሠልጣኝ ሙያ አመጣጥና ጉዞ

«ሠለጠነ» ከሚለው ግሥ ብዙ ቃላት ይወለዳሉ። ሥልጣን፣ ሥልጣኔ፣ ሥልጠና፣ ሠልጣኝ፣ አሠልጣኝ የሚሉት ሁሉ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። ይሁን እንጂ በሕብረተሰቡ ዘንድ የተሰጣቸው ክብር እኩል አይደለም። ስለ ሥልጣን ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሥልጣኔም ብዙ ተነግሯል። ሌላውን ለማሠልጠን ዕድሜውን ስለሚሰጠው ሰው ግን በአገራችን የተጻፈው ጥቂት ነው። ሯጩ ሲያሸንፍ ሕዝብ የሚያነሣው የሯጩን ስም ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ ግን አስቀድሞ የሚጠየቀው የአሠልጣኙ ስም ነው። በዚህም የተነሣ የአሠልጣኝ ታሪክ በሌሎች ሰዎች ታሪክ ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል፤ ለብቻው ተሰብስቦ የታየበት ጊዜ እምብዛም ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን የተበታተነ ታሪክ በመጠኑ መሰብሰብ ነው። በኢትዮጵያ የአሠልጣኝነት ሙያ ከየት ተነሣ? አንድ ሰው አሠልጣኝ እስኪባል ድረስ በየትኛው በር ገብቶ በየትኛው መንገድ አለፈ? አንዱ ያወቀውን ለሌላው ያስተላለፈው እንዴት ነው? እነዚህን ጥያቄዎች መመርመር ያለፈውን ለማወቅ ብቻ ሳይሆን ዛሬ በየሠፈሩ ሜዳ ልጆች ሰብስቦ የሚያሠለጥነው ወጣት ነገ የት ሊደርስ እንደሚችል ለማሰብም ይጠቅማል።

የጨዋታው ፈጣሪና የሙያው አባት

የአሠልጣኝን ሙያ አመጣጥ ለመረዳት ቅርጫት ኳስ የተሻለ ምሳሌ ነው። የሩጫ፣ የትግልና የእግር ኳስ ጥንተ መሠረት በዘመናት ርቀት የተሸፈነ ሲሆን ቅርጫት ኳስን ግን ማን፣ የትና ለምን እንደ ፈጠረው በትክክል ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1891 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኘው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባሉ ካናዳዊ መምህር ነበሩ። ክረምቱ ከባድ ስለነበረ ተማሪዎቻቸው ከቤት ውጭ መጫወት አልቻሉም፤ በአዳራሽ ውስጥ የሚሠሩት ጂምናስቲክም ሰልችቷቸው ነበር። መምህሩ የኮክ ፍሬ የሚለቀምባቸውን ሁለት ቅርጫቶች በአዳራሹ ግራና ቀኝ አስቸነከሩ፤ 13 ደንቦችም ጻፉ። 18 ተማሪዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ተጫወቱ። ጨዋታው እንዲህ ተወለደ።

ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1898 ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄደው የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ሆኑ። የሚያስገርመው ግን የጨዋታው ፈጣሪ በአሠልጣኝነታቸው 55 ጊዜ አሸንፈው 60 ጊዜ የተሸነፉ መሆናቸው ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከማሸነፉ ሽንፈቱ የበዛበት ዋና አሠልጣኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ለሳቸው ጨዋታው የአካልና የጠባይ ማነጫ እንጂ አንድ ሰው ከዳር ቆሞ የሚመራው ጥበብ አልነበረም። ተማሪያቸው ፎረስት አለን በአሠልጣኝነት ሊቀጠር መሆኑን ሲሰሙ፣ ይህ ጨዋታ ይጫወቱታል እንጂ አያሠለጥኑትም ብለው እንደ መለሱለት ይነገራል።

ተማሪው ግን የመምህሩን ቃል አልተቀበለም። ፎረስት አለን በካንሳስ ብቻ ለ39 የውድድር ዘመናት አሠለጠኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1927 የአሠልጣኞችን ማኅበር ለማቋቋም ቀዳሚ ሆኑ፤ ቅርጫት ኳስ እ.ኤ.አ. በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ እንዲገባም ደክመዋል። ስለዚህ ጨዋታውን የፈጠረው መምህሩ ሲሆን ሙያውን የፈጠረው ተማሪው ነው ለማለት ይቻላል።

ከኔይስሚዝ እግር ሥር የተማረ ሌላም ሰው ነበረ። ጆን መክሌንደን እ.ኤ.አ. በ1933 ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ጥቁር በመሆናቸው ምክንያት በዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ መጫወት አልተፈቀደላቸውም። አዛውንቱ ኔይስሚዝ ግን አማካሪያቸው ሆነው አስተማሯቸው። መክሌንደን እንዲጫወቱ ያልተፈቀደላቸውን ጨዋታ ማስተማር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1944 በኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ በደርሃም ከተማ ጥቁሮቹ ተማሪዎቻቸው ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ነጭ ተጫዋቾች ጋር በራቸውን ቆልፈው፣ ተመልካች ሳይኖር፣ ሕግ የከለከለውን ግጥሚያ አካሄዱ፤ 88 ለ44 አሸነፉም። መክሌንደን በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1959 በተከታታይ ሦስት ጊዜ የኮሌጆች ሻምፒዮና አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ደግሞ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾች የተቀላቀሉበት የሙያተኞች ቡድን ዋና አሠልጣኝ ለመሆን የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነዋል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ አሠልጣኝ ከመምህር እንደሚወለድ ነው። ሁለተኛው፣ ጥሩ አሠልጣኝ ለመሆን ታላቅ ተጫዋች መሆን የግድ አለመሆኑ ነው፤ ግድ የሚለው በሩን የሚከፍት ሰው ማግኘት ነው። በአገራችንም የሆነው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ በኢትዮጵያ አሠልጣኝ አንድ ሳይሆን ሦስት ወላጆች የነበሩት መሆኑ ነው፤ ጦር ሰፈር፣ ትምህርት ቤትና የጨዋታ ሜዳ።

ኮልፌ፦ ጦር ሰፈርና ትምህርት ቤት

ከሦስቱ ወላጆች ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት የፈለገ ሰው ወደ አዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ ወደ ኮልፌ ቢያመራ ይበቃዋል። ኮልፌ 18 ማዞሪያ ዛሬ ሕዝብ የሚተራመስበት፣ ታክሲና አውቶቡስ የሚገጣጠሙበት፣ ሱቁና ጉሊቱ መንገዱን ያጠበበበት ሠፈር ነው። ከዚህ አካባቢ ብዙም ሳይርቅ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የፖሊስ ሠራዊት የፈጥኖ ደራሽ ሻለቃ የጦር ሰፈር ነበረ። በሌላ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 በብሪታንያ ካውንስል ድጋፍ የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ፤ አካባቢውም እስከ ዛሬ «ዊንጌት» እየተባለ ይጠራል።

በዚያ ዘመን «አሠልጣኝ» የሚለው ቃል በአብዛኛው ሕዝብ ጆሮ የሚያስተጋባው ወታደራዊ ድምፅ ነበረ። አሠልጣኝ ማለት ምልምል ወታደርን ሰልፍ የሚያስተምር፣ መሣሪያ አያያዝ የሚያሳይ፣ ተራራ የሚያስወጣ ማለት ነበረ። በኮልፌ ከሠለጠኑት ሁሉ ስሙ ዓለምን ያዳረሰው ሠልጣኝም የመጣው ለዚሁ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. አፍሪካን ሲዞሩ አዲስ አበባ ደርሰው፣ በኋላም ለወታደራዊ ሥልጠና ተመልሰው ወደ ኮልፌ ሰፈር ገብተዋል። ሥልጠናው ለስድስት ወር የታቀደ ቢሆንም ከፍጻሜው ሳይደርስ ትግሉ ወደ አገራቸው ጠራቸው። ከተመለሱም በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ታሰሩ።

ማንዴላ ስለዚያ ወቅት በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ከተኩስ ልምምዱና ከአድካሚው የእግር ጉዞ ጋር አንድ ትምህርት ያነሣሉ። በዚያን ጊዜ ኮሎኔል የነበሩትና በኋላ ጄኔራል የሆኑት ታደሰ ብሩ ስለ ጦር ሳይንስ ሲያስተምሯቸው፣ የነፃነት ጦር የእኩልነት ጦር መሆኑን፣ መሪው በሥራ ሰዓት በቁርጠኝነት ማዘዝ እንዳለበት፣ ከሥራ ውጭ ግን ከታናሹ ወታደር ጋር ሳይቀር እንደ እኩያ መኖር እንደሚገባው ነግረዋቸዋል። ይህ የተነገረው ስለ ጦርነት ቢሆንም የአሠልጣኝን ሙያ ምሥጢር ከዚህ አሳጥሮ መግለጽ ያስቸግራል። በልምምድ ሜዳ ትእዛዝ የማያውቅ አሠልጣኝ ቡድን አይኖረውም። ከሜዳ ውጭ ደግሞ ከትእዛዝ በቀር ሌላ ቋንቋ የማያውቅ አሠልጣኝ ተከታይ አይኖረውም።

ጦር ሰፈሩ ለስፖርት የሰጠው ሥነ ሥርዓትን ብቻ አልነበረም። ሯጩ ደመወዝ፣ ምግብ፣ መኝታና የልምምድ ጊዜ የሚያገኘው በሠራዊቱ ውስጥ ነበረ። የክብር ዘበኛው መኩሪያ፣ የምድር ጦሩ መቻል፣ የፖሊሱ ኦሜድላ የሚባሉት ቡድኖች የተመሠረቱት በዚሁ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ የጨዋታውን ሕግ፣ የሰዓት አከፋፈሉን፣ የአካል ማሠልጠኛውን ዘዴ አመጣ። የቅርጫት ኳስና የመረብ ኳስም ወደ ከተማው ወጣት የደረሱት በይበልጥ በትምህርት ቤቶችና በወወክማ ሜዳዎች በኩል ነው። አንዱ ጉልበትን፣ ሌላው ዘዴን ይዞ ሳለ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ያስፈልግ ነበረ።

ከውጭ የመጡት መምህር

ሁለቱን ካገናኙት ሰዎች ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው ኦኒ ኒስካነን ናቸው። ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1910 በፊንላንድ ተወልደው በስዊድን ያደጉ የጦር መኮንን ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሆን የተመደቡትም በአካል ማሠልጠኛ ትምህርት ሥራ ላይ ነው። ወታደርም መምህርም ስለነበሩ በጦር ሰፈርና በትምህርት ቤት መካከል የነበረውን አጥር ለመሻገር አላስቸገራቸውም።

ከክብር ዘበኛ ወታደሮች መካከል አበበ ቢቂላን አሠልጥነው ወደ ሮም ሲያደርሱ ሥራቸው ማስሮጥ ብቻ አልነበረም። ከውድድሩ በፊት ሯጩና አሠልጣኙ መንገዱን አጠኑ። ወደ መጨረሻው አካባቢ ኢጣሊያኖች ከአክሱም ነቅለው የወሰዱት ሐውልት ቆሞ ነበረ። አበበ ኃይላቸውን አውጥተው የሚገሰግሱት ከዚያ ሐውልት ጀምሮ እንዲሆን ተወሰነ። አዲሱ ጫማ እግራቸውን ስላስቸገረም በባዶ እግራቸው እንዲሮጡ ተስማሙ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት አበበ ቢቂላ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በሆነ ጊዜ በዓለም ፈጣኑን የማራቶን ሰዓት አስመዝግበው አንደኛ ወጡ።

ይሁን እንጂ በዚያው ምሽት የአሠልጣኝ ሥራ ወሰን የት ላይ እንደሚያቆምም ታይቷል። ኒስካነን ሊጠነቀቁት የሚገባው የሞሮኮው ሯጭ ራዲ 26 ቁጥር እንደሚለብስ ለአበበ ነግረዋቸው ነበር። ራዲ ግን የለበሰው ሌላ ቁጥር ነበር። አበበ 26 ቁጥርን ከፊታቸው እየፈለጉ፣ ከጎናቸው የሚሮጠው ሰው ራሱ ራዲ መሆኑን ሳያውቁ ረጅሙን መንገድ አብረውት ተጓዙ። አሠልጣኝ እስከ መነሻው መሥመር ድረስ ሁሉንም ሊያዘጋጅ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያለው የሯጩ ነው። በቲያትር ቤት መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ አዘጋጁ ከመድረኩ ጀርባ ቆሞ እንደሚቀር ሁሉ አሠልጣኙም ከመሥመሩ ውጭ ይቀራል።

አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን ደገሙት። ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበርና አሠልጣኙም ሯጩም የተፈተኑበት ድል ነው። ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1984 አረፉ። ለኢትዮጵያ ያተረፉላት ሁለቱን የማራቶን ወርቆች ብቻ ሳይሆን፣ ውድድር ከመጀመሩ ብዙ ወራት በፊት በልምምድና በጥናት እንደሚያልቅ ያሳዩበትን አሠራር ጭምር ነው።

ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት

ሦስተኛው ወላጅ የጨዋታ ሜዳው ነው። በእግር ኳስ ታሪካችን የዚህ መንገድ ቀዳሚ ተጓዥ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት የታዋቂው ባለ ቅኔ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። አባት ግጥምን ከሕዝብ አንደበት ወደ ሸክላ እንዳሸጋገሩ ልጅም እግር ኳስን ከሠፈር ጨዋታ ወደ አገር ተቋም አሸጋግረዋል። አቶ ይድነቃቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ለብዙ ዓመታት ተጫውተዋል፤ ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥነዋል፤ የስፖርት አስተዳዳሪ ሆነዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1987 እስካረፉ ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክን 4 ለ2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን ያዘጋጁት አቶ ይድነቃቸውና ዩጎዝላቪያዊው ስላቭኮ ሚሎሼቪች ነበሩ። ማንዴላ ለሥልጠና ኮልፌ የገቡበት ዓመትና ይህ ዋንጫ የተገኘበት ዓመት አንድ ነው። በግጥሚያው ሁለት ጊዜ የተመራው ቡድን በግርማ ተክሌና በአምበሉ በሉቻኖ ቫሳሎ ግቦች አቻ ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጥረው ድሉ ተረጋገጠ።

የመጨረሻዋን ግብ ያስቆጠሩት መንግሥቱ ወርቁ ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ብሔራዊ ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ አብቅተው ወደ ሊቢያ የመሩት አሠልጣኝ ሆኑ። ተጫዋቹ ከአሠልጣኙ ያየውን ይዞ ራሱ አሠልጣኝ ሲሆን የሙያ ሰንሰለት ይባላል። ሰንሰለቱ ሲላላ የሚደርሰውንም ታሪክ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል። በ2005 ዓ.ም. የመለሷት አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ሲሆኑ፣ ቡድናቸው ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያም እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ደርሶ በናይጄሪያ ተሸንፏል። በዓመቱ አሠልጣኙ ተሰናብተው በቦታቸው ፖርቱጋላዊ ተቀጠረ። ይህ በሙያው ውስጥ የተለመደ ነው፤ በሌላውም ዓለም አሠልጣኝ ሻንጣውን አስሮ እንደሚያድር እንግዳ ነው። ጥያቄው አሠልጣኙ መሰናበታቸው ላይ ሳይሆን፣ አንድ አሠልጣኝ ሲሰናበት ያካበተው ዕውቀት ለማን እንደሚቀር በሚለው ላይ ነው።

ሰንሰለቱ የያዘበት መስክ

በአገራችን ይህ ዕውቀት በተሻለ ሁኔታ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው በአትሌቲክስ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት እ.ኤ.አ. የ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ አጭር ርቀት ከሮጡት መካከል ንጉሤ ሮባ አንዱ ነበሩ። በዚያ ውድድር ሜዳልያ አላገኙም። ነገር ግን ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ የኢትዮጵያ ቡድን አሠልጣኝ ነበሩ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሕመም ምክንያት ከመንገድ ሲወጡ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸንፈው ሦስተኛውን ተከታታይ ወርቅ ለኢትዮጵያ አስገኙ። ማሞም ሜልቦርን ላይ ከንጉሤ ጋር አብረው የተሰለፉ ነበሩ። የአጭር ርቀቱ ሯጭ የረጅም ርቀት ሯጮች አባት ሆኑ።

ንጉሤ ሮባ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ የመሩት ቡድን ደግሞ የአሠልጣኝን አሳብ በሜዳ ላይ ለማየት ለሚፈልግ ሁሉ ምሳሌ ነው። በ10,000 ሜትር ምሩፅ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ፍጥነቱን እየተፈራረቁ በመቀያየር ተወዳዳሪዎቻቸውን አደከሙ። በመጨረሻው ዙር «ማርሽ ቀያሪው» ምሩፅ ተፈተለኩ። ሐምሌ 20 ቀን ያንን፣ ሐምሌ 25 ቀን ደግሞ 5,000 ሜትሩን አሸነፉ። ሕዝቡ በምሩፅ እግር ተደሰተ፤ ይገባልም። ግን ያ ድል የአንድ ሰው እግር ብቻ አልነበረም። ቀድሞ የታሰበ፣ በልምምድ የተደጋገመ፣ ሦስት ሰዎች በአንድ አሳብ የፈጸሙት ሥራ ነበረ። በዚያ ውድድር አራተኛ የወጡት ቶሎሳ ቆቱ በኋላ የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆኑ። በ3,000 ሜትር መሰናክል ነሐስ ያገኙት እሸቱ ቱራም እንዲሁ ወደ አሠልጣኝነት ገቡ። አንድ የውድድር ቡድን ሯጮችን ብቻ ሳይሆን የነገ አሠልጣኞችንም እንደሚያፈራ ከዚህ ይታያል።

ከንጉሤ ሮባ ቀጥሎ የሚነሣው ስም ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ነው። በሃንጋሪ የስፖርት ትምህርት የቀሰሙት ወልደመስቀል ሙያውን ከልምድ ወደ ሳይንስ አስጠግተውታል። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 10,000 ሜትርን አሸንፈው ወርቅ ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ከሆኑበት ጊዜ አንሥቶ፣ በኃይሌ ገብረሥላሴ፣ በሚሊዮን ወልዴ፣ በቀነኒሳ በቀለና በጥሩነሽ ዲባባ ድሎች እስከ ቤጂንግ ድረስ የብሔራዊ ቡድኑ ታሪክ ከስማቸው ተለይቶ አይነገርም። በ2008 ዓ.ም. ሲያረፉ በርካታ አትሌቶች ያለቀሱት ለአሠልጣኝ ብቻ ሳይሆን ለአባት ነው። ቁጣቸውም ርኅራኄያቸውም በሜዳው ላይ የታወቀ ነበርና።

የመጀመሪያው አሠልጣኝ

ብሔራዊ አሠልጣኝ ግን የሰንሰለቱ መጨረሻ ቀለበት ነው። ከሱ በፊት ሌላ ሰው አለ። በአርሲ፣ በበቆጂ ከተማ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው የሮጡት በሳቸው ፊት ነው። የአንዲት ትንሽ ከተማ ልጆች በዓለም መድረክ ተራ በተራ ወርቅ ሲያጠልቁ መምህሩ በየማለዳው አዳዲስ ልጆችን ይዘው በዚያው ሜዳ ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናታዊ ፊልም ስለ ከተማዋ ሯጮች ባይተርክ ኖሮ ከአገር ውጭ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት በሆነ ነበር።

የመጀመሪያው አሠልጣኝ ሥራ ከሁሉ የከበደ ነው። ብሔራዊ አሠልጣኝ የተመረጠ ሰው ይረከባል፤ የመጀመሪያው አሠልጣኝ ግን ገና ያልታወቀውን ራሱ ይመርጣል። ወላጅን ያሳምናል፤ ከሥራና ከትምህርት የተረፈችውን ሰዓት ይሻማል፤ ጫማ የሌለውን ልጅ ጫማ ካለው ጋር እኩል ያሰልፋል። ልጁ ሲበረታ ክለብ ይወስደዋል። መምህሩም ባዶ እጁን ቀርቶ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ውለታው የሚመዘገብበት መዝገብ የለም።

ይህ ዓይነቱ ሰው በገጠር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በአዲስ አበባ በየክፍለ ከተማው፣ በኮልፌ ቀራንዮም ጭምር፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሠፈር ልጆችን ሰብስቦ እግር ኳስ ወይም ቅርጫት ኳስ የሚያለማምድ ወጣት አይጠፋም። ኳሱን የሚገዛው ብዙ ጊዜ ከኪሱ ነው። ሜዳው ደግሞ ከተማው በሰፋ ቁጥር ይጠባል፤ ትናንት የኳስ ሜዳ የነበረው ዛሬ ሕንፃ ወይም የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። ለዚህ ወጣት አሠልጣኝነት ፍቅር ነው፤ ሙያ እንዲሆንለት ግን ደረጃዎቹ በግልጽ ሊታዩት ይገባል።

ደረጃውና ጉድለቱ

የሙያው ደረጃዎች በዓለም ላይ ዛሬ የታወቁ ናቸው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከዲ እስከ ኤ ከዚያም በላይ በደረጃ የተከፋፈለ የአሠልጣኝነት ፈቃድ ይሰጣል፤ ዓለም አቀፉ አትሌቲክስም የራሱ የአሠልጣኞች ትምህርት አለው። በአገራችን የኮተቤ የመምህራን ማሠልጠኛና ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ሳይንስ ምሩቃንን ሲያፈሩ ቆይተዋል። የወጣቶች ስፖርት አካዳሚም ተቋቁሟል። እ.ኤ.አ. በ2021 በኪጋሊ የተጀመረው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ደግሞ፣ በዚህ አህጉር የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝነት እንጀራ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል።

ይህ ሁሉ ዕድገት ነው። ቢሆንም ሦስቱ ወላጆች ዛሬም በሚገባ አልተጋቡም። ከዩኒቨርሲቲ የወጣው ምሩቅ ንድፈ ሐሳቡን ይዞ ሜዳ ያጣል። ከተጫዋችነት የመጣው ሜዳውን ይዞ ትምህርቱን ያጣል። በሠፈር የሚያለማምደው ወጣት ልጆቹን ይዞ ሁለቱንም ያጣል። ኒስካነን የሠሩት ታላቅ ሥራ ወታደሩንና ትምህርቱን ማገናኘት ነበር፤ ንጉሤ ሮባና ወልደመስቀል ኮስትሬ ደግሞ የሯጩን ልምድና የመምህሩን ዕውቀት በአንድ ሰው ውስጥ አገናኝተዋል። የተሳካላቸው በዚህ ነው። ስለዚህ የአሠልጣኝነት መንገድ ተስተካክሎ የሚሠራው አንዱን ወላጅ ከሌላው በማስበለጥ ሳይሆን ሦስቱን በአንድ ሜዳ በማገናኘት ነው።

ሌላም ጉድለት አለ፤ ይኸውም ዕውቀቱ አለመጻፉ ነው። ኔይስሚዝ 13ቱን ደንቦች በወረቀት ስላሰፈሩ ጨዋታው ከአንድ አዳራሽ ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። የእኛ አሠልጣኞች ግን አብዛኛውን ያወቁትን በአእምሯቸው ይዘው ያልፋሉ። የሞስኮው የመፈራረቅ ዘዴ በየትኞቹ ልምምዶች ተሰናዳ? በበቆጂ ያለ የስፖርት መምህር ገና በ10 ዓመቷ ልጅ ላይ የሚያየው ምንድን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ መልሱ በአማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን ተጽፎ፣ ተተኪው በሚያገኝበት ቦታ ሊቀመጥ ይገባዋል። የጻድቃንን ገድልና የነገሥታትን ዜና መዋዕል በብራና የጠበቀ ሕዝብ የአሠልጣኞቹን ማስታወሻ በወረቀት ለመጠበቅ አያንሰውም።

አሠልጣኝ ሐውልት አይጠይቅም። ሥራው ሕያው ሆኖ የሚቆየው ያሠለጠነው ሰው ሌላውን ሲያሠለጥን ነው። ከሜልቦርን እስከ ሞስኮ፣ ከሞስኮ እስከ ቤጂንግ የተዘረጋው ክር ያልተበጠሰው አንዱ የሌላውን እጅ ስለያዘ ነበር። ዛሬ በየሠፈሩ ሜዳ ልጆች የሚሰበስበው ወጣትም የሚጠብቀው ይህንኑ የሚይዘው እጅ ነው፤ የሚማርበት ቦታ፣ የማይጠፋ ሜዳ፣ የልፋቱን ዋጋ የሚመዘግብ መዝገብ።